ማሲንቆው፣ ቲክቶኩና ምዕራፍ ሁለት

በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ጽሑፍ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። የቲዎሪው ክፍል በሆነው ምዕራፍ ሁለት ላይ ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ቡርዲዩ ይመጣል፣ የባህል ጥናት ሊቁ ስቱዋርት ሆል ይመጣል፣ ጣሊያናዊው ማርክሳዊ ግራምሺ ይመጣል። አሥራ አምስት ገጽ ያህል ይተረክላቸዋል። የግኝቱ ክፍል በሆነው ምዕራፍ አራት ላይ ግን ስማቸው አንዴም አይነሳም። አዝማሪው የተናገረው በአንድ ወገን፣ ሊቃውንቱ የጻፉት በሌላ ወገን እንደተቀመጡ፣ ሳይተዋወቁ ጽሑፉ ይጠረዛል። በዲፌንስ (ጽሑፉን በሚከላከልበት) ቀን ኤክስተርናሉ (የውጭ ፈታኙ) «ቲዎሪው የት ገባ?» ሲል ተማሪው መልስ የሚያጣው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከፕሮፖዛሉ ጀምሮ ለቲዎሪው ሥራ ስላልተሰጠው ነው።

ይህን የምጽፈው ጎንደር ሆነው የዘመኑን ባህል ለማጥናት ለሚያስቡ ነው፤ አዝማሪ ቤትን፣ የሠርግ ዘፈንን፣ የጥምቀትን ጭፈራ፣ ቲክቶክን። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ መጥቶ ሲሄድ፣ የትምህርት ካላንደሩም ሲገፋና ሲሳብ ትልቅ ጥናት ማቀድ ራስን ማድከም ነው። ጥናቱ ትንሽ ይሁን፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ እስከዚያ የተሠራው ብቻውን መቆም የሚችል ይሁን። ትንሽ ለማድረግ ደግሞ ከቲዎሪ የተሻለ መሣሪያ የለም። ቲዎሪው ምን እንደምትቀርጹ፣ ማንን እንደምትጠይቁና በተለይ ምን እንደምትተዉ ካልወሰነላችሁ፣ ምዕራፍ ሁለትን ብታወጡት ጽሑፉ አንድም ነገር አይጎድልበትም።

ጊዜው ሲከፋ የሚነሳው «በዚህ ጊዜ ቲዎሪ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የሚያበሳጭ ቢመስልም የሚገባ ጥያቄ ነው። ግራምሺ ማስታወሻዎቹን በ1929 (እ.ኤ.አ.) መጻፍ የጀመረው በሙሶሊኒ እስር ቤት ሆኖ ነው። ጀርመናውያኑ ፈላስፎች አዶርኖና ሆርክሃይመር ስለ ባህል ኢንዱስትሪ የጻፉት ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው አሜሪካ በስደት ላይ ሳሉ ነበር። እኛም አገር በ1960ዎቹ የተማሪው ንቅናቄ የመሬትን፣ የብሔረሰብንና የመደብን ጥያቄ በየመጽሔቱ ሲከራከር ጊዜው የተረጋጋ አልነበረም፤ ኤለኒ ሴንቲም ዘለቀ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት እነዚያን ክርክሮች እንደ ማኅበራዊ ሳይንስ አንብባቸዋለች። ያ ትውልድ ቲዎሪን ከልቡ ነበር ያነበበው። የእኔ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ገበሬውን ከመጠየቁ በፊት መልሱን ይዞ መሄዱ ላይ ነው። ዛሬ አዝማሪን የሚያጠና ተማሪም «ተቃውሞ» የሚለውን ቃል ከቤቱ ይዞ ከሄደ ተቃውሞ ብቻ ሰምቶ ይመለሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። በቅድሚያ «በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ በፊት አልተጠናም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከፕሮፖዛላችሁ አውጡት። ጎንደር ላይ ተጠንቷል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጎንደርን አዝማሪዎችና ላሊበሎች (በንጋት በየቤቱ ደጅ እያዜሙ የሚለምኑትን) በፊልም ጭምር ሲያጠና ቆይቷል። በአዝማሪ ቤተሰቦቿ የምትታወቀው የቡርቧክስ መንደርም በሙዚቃ አጥኚዎች ዘንድ አዲስ ስም አይደለችም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሰምና ወርቅ የጻፈው መጽሐፍ በየጽሑፉ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ሌቪን የመስክ ሥራውን በዋናነት የሠራው መንዝ ነው። የመንዝን ገበሬ አነጋገር ወስዶ «የጎንደር ሰው እንዲህ ነው» ማለት አይቻልም። የእናንተ አዲስ ነገር ከጥያቄው እንጂ ከርዕሱ ባይመጣ ምንም አይጎድልባችሁም።

ከዚያ አንድ ቲዎሪ ምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ በዓይን ወይም በጆሮ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ ጻፉለት። ከጥያቄው ደግሞ በመስክ ማስታወሻችሁ ላይ አንድ ዓምድ ይውጣ። ዓምድ ያልወጣለት ጽንሰ ሐሳብ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ ቦታ የለውም።

ቡርዲዩን እንውሰድ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጣዕምና መደብ ያሳተመው መጽሐፍ የቆመው በ1960ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ 1,217 ሰዎችን በጠየቀ መጠይቅ ላይ ነው። ያንን መጠይቅ ተርጉሞ ፒያሳ ላይ ማደል ከንቱ ድካም ነው። መውሰድ ያለብን ጥያቄውን ነው፦ ገንዘብ ያለውና ዕውቀት ያለው ሰው ክብር የሚያገኙት በየትኛው መንገድ ነው? አዝማሪ ቤት ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ለአዝማሪ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ብርና ስንኝ። አንዱ ብድግ ብሎ ኖቱን አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሌላው ጥግ ላይ አንዲት ቢራ ይዞ እንደተቀመጠ «ተቀበል!» ይልና ቤቱን የሚያናውጥ ስንኝ ያቀብላል። አዝማሪው ቃል በቃል ይቀበለዋል፣ ማሲንቆውን አንዴ ገዝገዝ ያደርግና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይዞራል። ስለዚህ ዓምዶቻችሁ እነዚህ ናቸው፦ ብር የሰጠ፣ ስንኝ የሰጠ፣ የት እንደተቀመጠ፣ አዝማሪው አወድሶት እንደሆነና እንዴት፣ ቤቱ ምን እንዳደረገ። በአራትና አምስት ምሽት ብር ሰጪውና ስንኝ ሰጪው አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያዩ ሰዎች የሚለው ይታያችኋል። ስንኝ ብቻ የሚሰጠውን አዝማሪው እንዴት እንደሚያስተናግደው ማየት ምዕራፍ አራትን ለብቻው ሊሞላ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የብሩን መጠን ለመቁጠር መሞከር ነው። ታዳሚው አንገታችሁን ስታሰግጉ ያያል፤ በሚቀጥለው ምሽት ብር ሰጪው ወይ ያበዛል ወይ ይቀራል። «አንዴ»፣ «ደጋግሞ» ብሎ መያዝ ይበቃል። ደብተር አውጥታችሁም አትጻፉ። ስልክ ላይ አጭር መልእክት የምትጽፉ መስሎ አምስት ስድስት ቃል መያዝ፣ ከዚያ ቤት እንደገባችሁ ሳትተኙ መዘርዘር ነው። ያደረ ማስታወሻ ውስጥ የማን ሳቅ ከማን ስንኝ በኋላ እንደመጣ ይደበላለቃል፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እሱን ነው።

የስቱዋርት ሆል ሐሳብ ሌላ ዓይነት ሥራ ይሰጣችኋል። ሆል በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጽሑፍ አንድ መልእክት ሦስት ዓይነት አቀባበል ሊገጥመው እንደሚችል አሳየ፤ እንደተላከው መቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን መደራደር፣ ገልብጦ ማንበብ። እሱ የተናገረው ስለ ቴሌቪዥን ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ ላኪና ተቀባይ በአንድ ክፍል ስላሉና ታዳሚው ራሱ ስንኝ ስለሚያቀብል ሞዴሉ እንዳለ አይገጥምም። ይህን መጻፍ ድክመት አይደለም፤ ጥሩ ኤክስተርናል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቀረጻችሁት ውስጥ 40 ሰከንድ ገደማ የምትሆን ቁራጭ ምረጡ። አሥራ ሁለት ያህል አድማጭ ለየብቻ በጆሮ ማዳመጫ አሰሙ። ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ «ምን አለ?»፣ «ለማን ነው ያለው?»፣ «እርስዎ ይስማማሉ?» «ይህ ግጥም ፖለቲካዊ ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀ፤ ግማሹ ይፈራል፣ ግማሹ እናንተን ደስ ለማሰኘት ያልሰማውን ይሰማል። ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ «ጋሼ፣ ይችን ስንኝ እርስዎ እንዴት ሰሟት?» ማለት በቂ መግቢያ ነው። ከዚያ ዝም በሉ። ከጥያቄው በኋላ ያለውን ዝምታ ቸኩሎ የሚሞላ ጠያቂ ጥሩውን መልስ ራሱ ይቀብረዋል።

«ዝም ብሎ ዘፈን ነው» የሚል መልስ በብዛት ታገኛላችሁ። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጄምስ ስኮት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ ገና ሲከፈት ኢትዮጵያዊ የተባለ ተረት ተቀምጦበታል፤ ታላቁ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳና ድምፅ ሳያሰማ ይፈሳል የሚል። ስኮት ከዚህ ተነስቶ ሰው በአደባባይ የሚናገረውና ከመጋረጃ ጀርባ የሚናገረው እንደሚለያይ ያስረዳል። ለእኛ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ቅርብ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ተማሪው ዝምታን ሁሉ ተቃውሞ፣ ፈገግታን ሁሉ ምስጢር አድርጎ መተርጎም ይጀምራል። አንዳንዱ ሰው ዝም የሚለው ስለደከመው ነው፤ አንዳንዱም ስንኙን በጫጫታው ውስጥ በእውነት አልሰማውም። ስለዚህ አንድ ሕግ ያዙ፦ ድብቅ ትርጉም አለ ለማለት ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ ሳይመካከሩ፣ ያንኑ ትርጉም ሊነግሯችሁ ይገባል።

ይህን በአንድ ስንኝ ላይ እንየው። ስንኙ ለማሳያ የተሰፋ ነው፤ ከማንም አዝማሪ አልተወሰደም።

ሁሉም ነገር ገባኝ መምህር ሲያስረዳኝ፤
የወር ደሞዝ ብቻ ፈጽሞ አልገባኝ።

ሰሙ ትምህርት ነው፤ ወርቁ ኪስ ነው። ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ አንድ መስመር ላይ «ግጥም» ብላችሁ ብቻ ካሰፈራችሁት የጠፋው ከተያዘው ይበልጣል። ሰባት ዓምድ ያስፈልጋል፦ ደቂቃና ሰከንድ፣ ማን አለው (አዝማሪው ወይስ ታዳሚ አቀብሎት)፣ ስንኙ እንደተባለ፣ ሰሙ፣ አዝማሪው በማግስቱ የነገራችሁ ወርቅ፣ አድማጭ የነገራችሁ ወርቅ፣ በዚያች ቅጽበት ቤቱ ውስጥ የሆነው። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሳቁ የት እንደመጣ በሰከንድ ያዙ። «አልገባኝ» ካለ በኋላ ቆየት ብሎ ሳቅ ከተነሳ ታዳሚው ወርቁን ፈልጎ አግኝቶታል። «ደሞዝ» ላይ ሲደርስ ገና ሳይጨርስ ከሳቁ ስንኙ አዲስ አይደለም፤ ያውቁታል፣ ከአዝማሪው ጋር አብረው እየጨረሱት ነው። አንዱ ጠረጴዛ ስቆ ሌላው ካልሳቀ ደግሞ ያገኛችሁት ሆል የሚለው የተለያየ አቀባበል በአንድ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ኤላን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይመቻል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፊደላችንን ይቀበላል፣ ድምፁንና ጽሑፉን በሰዓት ያያይዛል።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት። አንድ ሰዓት ንግግር ገልብጦ ለመጻፍ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ማሲንቆ፣ ጭብጨባና «ተቀበል» የተደበላለቀበት ቅጂ ከዚያ በላይ። ሃያ ሰዓት ቀርጾ ሁሉንም እገለብጣለሁ ያለ ተማሪ ሴሚስተሩ ያልቅበታል። ብዙ ቅረጹ፣ ግን ቲዎሪው የሚፈልገውን በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ገልብጡ። የቀረውን በየአምስት ደቂቃው አንድ መስመር ማጠቃለያ ስጡት።

ለቀረጻው ተራ ስልክ ይበቃል፤ ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የሚቀርጸው የብርጭቆ ኳኳታ ነው። የታጠፈ ጋቢ ወይም ሹራብ ሥር አድርጉለት፣ ከድምፅ ማጉያውም አርቁት። ብዙ ስልክ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ጭብጨባ ሲመጣ ያፍነውና ቀጥሎ የመጣው ስንኝ መጀመሪያው ይዋጣል። ይህን ማጥፋት የሚያስችል መቅረጫ አፕ አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከመጨረሻው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይያዝ። ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል በስቴሪዮ (44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት) በሰዓት 635 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል፤ ስለዚህ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ 50 ሰዓት ያህል ይበቃችኋል። በሞኖ ግማሹ ነው። የተጨመቀው የስልክ ፋይል በሰዓት 60 ሜጋ አይሞላም፣ ለቃለ መጠይቅም ይሆናል፤ ለማሲንቆ ግን የጭራውን ድምፅ ያደበዝዘዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ መቀየር አትርሱ። መሐል ላይ የሚመጣ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ቀጥሎ ካላንደር። ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዲፌንስ ሰኔ ነው ብሎ የካቲትና መጋቢትን ለመስክ የመደበ ሰው በዐቢይ ጾም ሜዳ ላይ ይቀራል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሠርግ የለም፣ አዝማሪ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው። ዋናው መስኮት ከገና በኋላ ይከፈታል፤ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ የሠርግ ወቅት። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤቲካል ክሊራንሱ (የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃዱ)ና የድጋፍ ደብዳቤው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት፤ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ቀበሌ ሲሄድ ቀናት ይበላልና ኅዳር ላይ ጀምሩት። ጥምቀትን ለመቅረጽ ያሰበ ሰው የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ጥር 11 ንጋት ላይ የሚሰማው የድምፅ ማጉያ እንጂ የወጣቶቹ ግጥም እንዳልሆነ ይወቅ። ጭፈራውን ለመያዝ ታቦታቱ በሚሸኙበት መንገድ ላይ፣ ከአንድ ቡድን ጋር አብሮ እየተራመዱ ነው።

የምሽት ሥራ በማይቻልበት ጊዜም ጥናቱ እንዳይሞት ከጅምሩ የቀን ተለዋጭ ጻፉበት። ባጃጅ በጊዜ ከቆመና ቤቶች ቶሎ ከዘጉ፣ የአዝማሪውን የከሰዓት ልምምድ፣ የቀን ሠርግን፣ የማኅበር ዝግጅትን መቅረጽ ይቻላል። በፕሮፖዛሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ «የምሽት ምልከታ ካልተቻለ ሁለተኛው የምርምር ጥያቄ ብቻ በቀን ቅጂና በቃለ መጠይቅ ይመለሳል።» ይህን አስቀድሞ ያስጸደቀ ተማሪ በኋላ አማካሪው ፊት ምክንያት ሲደረድር አይገኝም። ሌሊት ለመቅረጽ ብሎ ራስን አደጋ ላይ መጣል ደግሞ ለማንም ጥናት አይገባም።

ቲክቶክን የመረጣችሁ «ከቤት ሆኜ እሠራዋለሁ» ብላችሁ ከሆነ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ጎንደር በተለጠፈ ቪዲዮ ሥር ያለው አስተያየት በአብዛኛው የጎንደር ነዋሪ ሊሆን አይችልም፤ አዲስ አበባ ያለው፣ ውጭ አገር ያለው፣ ዋይፋይ የሚያገኘው ነው። ያንን አስተያየት ሰብስቦ «የጎንደር ወጣት እንዲህ ያስባል» የሚል መደምደሚያ ከሥሩ የተበላሸ ነው። ቪዲዮው የተለጠፈበትን ቀን ኢንተርኔት ከነበረበትና ካልነበረበት ጊዜ ጋር አስተያዩ፣ አስተያየቶቹንም ለሁለት ክፈሉ። ልዩነቱ ራሱ ግኝት ሊሆን ይችላል።

በራሳችሁ አካውንት አትሰብስቡ፤ አፑ የሚያሳያችሁ እናንተ የምትወዱትን ነው። አዲስ አካውንት ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የተለጠፈበትን ቀን፣ የሰበሰባችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያች ሰዓት የነበረውን የተመልካች ቁጥር መዝግቡ፤ ነገ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ቪዲዮውም ሊጠፋ ይችላል። ከቪዲዮው ይልቅ ድምፁን መከተል የበለጠ ይነግራል። አንድ የአዝማሪ ስንኝ ተቆርጦ ሳውንድ ይሆንና አንዱ ለፍቅር፣ ሌላው ለቤት ኪራይ፣ ሌላው ለፈተና ይጠቀምበታል። ሠላሳ ቪዲዮ በእጅ መመደብ ለአንድ ማስተርስ ጥናት ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት አሥሩን ለጓደኛ ስጡና ሁለታችሁ ለየብቻ መድቡ፤ ከሦስት በላይ ላይ ከተለያያችሁ ትርጓሜያችሁ ግልጽ አይደለምና አስተካክሉት።

ፋይል አያያዝ ላይ የኛ አገር የራሱ ወጥመዶች አሉት። ስልኩ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ ማስታወሻችሁ ላይ ግን «ጥር 14፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ይላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተቀረጸው በስልኩ የማግስቱ ቀን ስለሚሆን የአንድ ምሽት ሥራ በሁለት ቀን ይከፈላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ሁለተኛው ወጥመድ ፊደል ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ወደ አንድ የተጠቃለሉበት የመፈለጊያ ዓምድ ለብቻው አዘጋጁ፤ ዋናውን ግን አትንኩት። በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ጽሕፈት ቤት ሰጥታችሁ የምታስተይቡ ከሆነ በዩኒኮድ እንዲሠራ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክላውድ የሚባለው ነገር የለምና ሦስተኛው ቅጂ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፍላሽ ሆኖ የምታምኑት ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ጥሬውን ቅጂ ስልክ ላይ ይዛችሁ አገር አቋራጭ መንገድ አትውጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰዎቹን መጠበቅ ነው፣ እዚህ ላይ ቸልታ አልወድም። ስኮት እንዳለው የተደበቀ ንግግር ካለ፣ እናንተ ጽፋችሁ ስታወጡት መደበቂያውን እያፈረሳችሁ ነው። የአዝማሪው ወርቅ የሚጠብቀው «እኔ እኮ ስለ ትምህርት ነው ያልኩት» ማለት ስለሚችል ነው፤ በምዕራፍ አራት ላይ «ኮድ አ3 ወርቁን እንዲህ ሲል አብራርቷል» ብላችሁ ካሰፈራችሁ ያንን በር ዘጋችሁበት። ስለዚህ ወርቁን ማን እንደነገራችሁ አታያይዙ፤ «ከአድማጮች» በሚል ይግባ። ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስም ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የምትጫወትበት ቤትና ሴት ማሲንቆ ተጫዋች መሆኗ አንድ ላይ ከተጻፉ ስሟን ጻፋችሁት ማለት ነው። ከአራቱ ሁለቱን ጣሉ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ስንኝ ቃል በቃል ከጠቀሳችሁ ፈልጎ ማግኘት ይቻላልና ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል ግለጹት። የኮዱ ቁልፍ (የትኛው ኮድ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር) በወረቀት፣ ከቅጂው በተለየ ቦታ ይቀመጥ።

ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ማታ ከመቅረጽ በፊት፣ ከዚያ በማግስቱ ጠዋት ቡና ላይ፤ መጠጥና ሞቅታ ባለበት የተገኘ «እሺ» ብቻውን እሺ አይደለም። ፊርማ ከመውሰድ የቃል ፈቃድን በድምፅ መያዝ ይሻላል፤ ፊርማ ያለበት ቅጽ ራሱ የስም ዝርዝር ነው። የኤቲክስ ኮሚቴው የተፈረመ ቅጽ ከጠየቀ የቃል ፈቃድ ለምን እንደተመረጠ በአንድ ገጽ አስረዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እና የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መነበብ አለባቸው፤ ሁለተኛው ከዋኙ በክዋኔው ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለአካዳሚክ ጥናት ልዩ ሁኔታ አለው፤ ያም ሆኖ የሰው ስብዕና የሚነካ አስተያየትን በአባሪ መደርደር አያስፈልግም።

ክፍያንም በበጀቱ ላይ በግልጽ አስገቡት። አዝማሪ የሚኖረው በሚሰጠው ሽልማት ነው። ሁለት ሰዓት ስትጠይቁት የወሰዳችሁት የሥራ ሰዓቱን ነው። ማታ ላይ ያለ ሽልማት የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ቤቱ ሁሉ ያየዋል፣ በማግስቱም ጥሩ መልስ አያገኝም። የጥያቄውን ሰዓት ክፍያ ከሽልማቱ ለዩ፣ በቀን ይሰጥ፣ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ስለ ማሳተም በአጭሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ «ተቀብለናል፣ ክፍያውን ላኩ» የሚል ጆርናል ይቅር። የአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥሩን በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ፈልጉ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ወይም ዲኦኤጄ (የነፃ ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ) ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ የአርታኢ ቦርዱ ውስጥ ካሉት ለአንዱ ጻፉና በእርግጥ አባል መሆኑን ጠይቁ። ለንባብ ዩኒቨርሲቲያችሁ በሪሰርች ፎር ላይፍ (የጥናት ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ፕሮግራም) የተመዘገበ እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ፤ ኔትወርክ ባለ ቀን የሚያስፈልጋችሁን አውርዳችሁ ዞተሮ (የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር) ላይ አስቀምጡ፣ እሱ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ጽሑፉ ጸድቆ ወደ ዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ከመግባቱ በፊት ሙሉው ቅጂ ለሁለት ዓመት እንዳይለቀቅና አጠቃሎው ብቻ እንዲታይ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ለትምህርት ክፍሉ ይቀርባል፤ አማካሪው ይፈርምበታል፣ የጥያቄው ምክንያት «የተሳታፊዎች ደኅንነት» ተብሎ ይጻፋል። ድምፁን ለአዝማሪው በፍላሽ መልሱለት፤ የራሱ ክዋኔ ነው። ከታዳሚው የተቀረጸውን ግን ቆርጣችሁ አውጡ፤ እነሱ የፈቀዱት ለእናንተ ነው።